በቃሬዛ የመጣው ቴሌቪዥን

ያኔ እኔ «ወራጅ አለ» ለማለት የማልደፍር ሰው ነበርኩ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሬ መውረጃዬ ሲደርስ ጉሮሮዬን እጠራርጋለሁ፣ ቦርሳዬን አስተካክላለሁ፣ ሾፌሩ በመስታወቱ እንዲያየኝ ቀና እላለሁ፤ ቃሉ ግን አይወጣም። ሌላ ተሳፋሪ እስኪወርድ እጠብቅና አብሬ ወርጄ በእግሬ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። እናቴ ይህን ስለምታውቅ የሆነ ቦታ ስትልከኝ መመለሻውን አስባ ቀደም አድርጋ ታስነሳኛለች። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ በጥሩ ውጤት ተመርቄያለሁ፤ የመመረቂያ ሥራዬን ሳቀርብ ግን ድምፄ ስላልተሰማ ጓደኛዬ አጠገቤ ቆማ የምለውን እየደገመች ታሰማልኝ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የሚከተለውን ስታነቡ «ታዲያ ለምን ዝም አለች?» እንዳትሉኝ ነው።

ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ሳጣ ቤት ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ያለውን ክፍል ሳጸዳ፣ ታላቅ ወንድሜ አግብቶ ቡሬ ሲገባ ትቶት የሄደውን ካርቶን አገኘሁ። ውስጡ በልጅነታችን የምንጫወትበት የቴሌቪዥን ጌም ነበር፤ ሁለት መጫወቻ እጀታ፣ ጥቂት ቢጫ ካሴቶችና አንድ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ሽጉጥ። በሽጉጡ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚበሩ ዳክዬዎች ይተኮሱበታል። በልጅነቴ ከሰው ጋር ሳልነጋገር ያሸነፍኩት ነገር ቢኖር እነዚያን ዳክዬዎች ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው። ከተማችን ውስጥ ጌም ቤቶች አሉ፤ ጨለማና ጩኸት የሞላባቸው፣ ሴት ልጅ በራቸው ላይ እንኳ የማትቆምባቸው። እኔ ደግሞ የድሮ ጌም ብቻ ያለበት፣ በሩ የተከፈተ፣ ጸጥ ያለ፣ ከገበያ የሚመለሱ እናቶች ገብተው ዳክዬ ተኩሰው የሚወጡበት ክፍል በዓይነ ሕሊናዬ አየሁ። እንዲህ ያለ ክፍል ቢኖረኝ ሰው በራሱ ይመጣል፤ እኔ ማንንም መጥራት አይኖርብኝም። ሐሳቤን ለአባቴ ነገርኩት። «ሰው አዲሱን ትቶ አሮጌ ሊያይ ይመጣል?» አለ። ቢሆንም ፈቀደልኝ፤ ቀጠሮ ግን ቆረጠ። ክፍሉን አንድ የድንች ነጋዴ ለመጋዘን ፈልጎታል። እስከ ቅዳሜ ገበያ ጌም ቤቱ ከተከፈተ ክፍሉ የእኔ ነው፤ ካልተከፈተ የድንቹ።

ግድግዳውን ቀባሁ፣ አግዳሚ ወንበር አስገባሁ፣ የቤታችንን ቀጭን ቴሌቪዥን ሰካሁ። ጌሙ ሠራ። ሽጉጡ ግን አልታዘዝ አለ። ብተኩስ ብተኩስ ዳክዬዎቹ በሰላም በረው ያልፋሉ። ምክንያቱን ሳነብ፣ ሽጉጡ የተሠራው ከኋላው ሆድ ላለው ለድሮው ባለ ወፍራም መስታወት ቴሌቪዥን ነው፤ የእሱን ብልጭታ ካላየ ምን እንደተተኮሰ አያውቅም። ከተማውን እናቴ ጠየቀችልኝ። የቴሌቪዥን ጠጋኙ እነዚያን ቆራሌው ጠራርጎ ከወሰዳቸው ቆየ አላት። እናቴ ተስፋ ቆርጣ ተቀምጣ ሳለች ድንገት ቀና ብላ «የይታይሽስ?» አለች።

እትየ ይታይሽ የእናቴ የአጎት ልጅ ናቸው። ከጅጋ ወርዶ ረጅም የእግር መንገድ ከሚያስኬድ ቀበሌ ከባላቸው ከአያ እንየው ጋር ይኖራሉ። መብራት በገባ ሰሞን በመንደሩ መጀመሪያ ቴሌቪዥን የገዙት እነሱ ነበሩ። ከዚያ ትራንስፎርመሩ ተቃጠለና መብራቱ እንደጠፋ ቀረ። ቴሌቪዥኑ ግን ከክብሩ አልወረደም፤ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ በመደቡ ላይ ተቀምጧል። አያ እንየው ጥቁሩን መስታወት እያዩ ጺማቸውን ይከረክሙበታል።

ሐሙስ ሄጄ እነሱ ቤት አደርኩ። እናቴ ቀድማ ባትደውል ኖሮ የመጣሁበትን ሳልናገር እመለስ ነበር። ቴሌቪዥኑን ሲሰጡኝ ቅር አላላቸውም፤ አያ እንየው ብቻ «ጺሜንስ?» አሉ። መስታወት እልክልዎታለሁ አልኳቸው። ከዚያ ፈራ ተባ እያልኩ ይሠራ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እሱ ምን ሁኖ» አሉ። «የታመመ መብራቱ እንጅ እሱ ደኅና ነው።»

ችግሩ ዓርብ ጠዋት መጣ፤ እንዴት ይሂድ? ነሐሴ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ባጃጅ አይገባም። አህያ ታሰበ። የአህያ ሸክም ግን በሁለት ወገን መመዛዘን አለበት፣ ለሌላው ጎን የሚሆን ሁለተኛ ቴሌቪዥን ደግሞ የለም። ድንጋይ እንዳይደረግ፣ አህያዋ አንዴ ከተንሸራተተች መስታወቱ አለቀ። በሰው ጀርባ እንዳይታዘል ዳገቱ ያዳልጣል። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ እየዞረ አየው። በመጨረሻ አያ እንየው ፈረዱ።

«ይህ እንደ በሽተኛ ነው የሚሄድ።»

ከእድሩ ዳኛ ቤት ቃሬዛው መጣ። ቴሌቪዥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተጋደመ፣ በገመድ ታሰረ። እትየ ይታይሽ ደግሞ ባዶ ዕቃ ከቤቴ አይወጣም አሉ። ከጎረቤት የመጣ ሰሃን እንኳ ባዶውን አይመለስም፤ ይህ ደግሞ ቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ ፍልሰታ ሲፈታ ለእናቴ የምትሆን ቀይ ዶሮ እግሯን አስረው፣ በቅርጫት አድርገው ከቴሌቪዥኑ ሆድ ጎን አስተኟት። ዶሮ ከጨለመባት የመሸ ይመስላታል፣ ድምፅ አታሰማም አሉኝ። ከላይ ነጭ ጋቢ ለበሰ። ካፊያ ስለነበር እኔ ጃንጥላ ዘርግቼ ከጎን ቆምኩ። ራቅ ብዬ ሳየው እውነትም ሰው የተኛበት ስለመሰለኝ ትንሽ ደነገጥኩ፤ ነገር ግን ያን ጊዜም ምንም አላልኩም።

የሚሸከሙት አንሙት የሚባል ጎረቤትና ሦስት ጓደኞቹ ነበሩ። አሁን ከእኛ አገር ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ላስረዳ። በመንገድ ላይ ቃሬዛ ያየ ወንድ የያዘውን ይጥላል። ሞፈር ይዞም ቢሆን፣ ለክስ እየሄደም ቢሆን፣ መጥቶ ትከሻውን ይሰጣል። ማን እንደታመመና ምኑን እንደታመመ አስቀድሞ አይጠይቅም፤ ጠይቆ የሚሸከም ሰው መርጦ ሊያዝን ነው ይባላል። የተተካው ሰው ደግሞ ጥቂት ሸኝቶ፣ «አደራ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። አንድ በሽተኛ ከቤቱ በወጣባቸው ትከሻዎች ሐኪም ቤት ደርሶ አያውቅም።

መጀመሪያ ከእርሻ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች «እግዜር ይማር» ብለው ቀንበራቸውን አጥር ላይ አስደግፈው ሁለቱን ተኩ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሌሎች ሁለት መጡ። አንሙት ትከሻውን እያሸ ወደ እኔ ዞረ፤ ጤፉ አረም ውጦት ነበር። «በይ እንግዲህ፣ በሰው እጅ ነሽ» ብሎኝ ተመለሰ። እኔ አንሙት ነግሯቸዋል ብዬ አሰብኩ። በኋላ እንደሰማሁት አንሙት ደግሞ እሷ ትነግራቸዋለች ብሎ አስቧል። እንዲህ ሆኖ ከወንዙ ማዶ ቃሬዛው ላይ ያለው ቴሌቪዥን መሆኑን የምናውቅ እኔና ዶሮዋ ብቻ ቀረን።

ይህን የተረዳሁት ከወሬያቸው ነው፤ አንሙት «በሰው እጅ ነሽ» ያለው ለታመመች ሴት መስሏቸዋል። ከፊት የተሸከሙት አያ ገዳሙ የሚባሉ ሽበታም ረጅም ሰው ናቸው። ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር እየሄዱ ቃሬዛ ስላዩ ሽምግልናውን ትተው የመጡ ናቸው፤ የታጠበ ጋቢያቸው እስከ ጉልበት በጭቃ ተለውሷል።

«ራሷ ነው የከበደ» አሉ ትንፋሽ እየሰበሰቡ።

«በዚህ በኩል ምንም አልቀራት» አለ ከኋላ የያዘው። «ከስታ አልቃለች።»

«የራስ በሽታ እንዲህ ነው። አካሉን ይበላና ራስን ያከብዳል።»

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ እስከ ጥርሴ መጣ። እንደ ተማረ ሰው ዓረፍተ ነገሩን በውስጤ አሰናዳሁ፤ «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላስረዳችሁ» ብዬ ልጀምር ነበር። ሳስተካክለው ዳገቱ ጀመረ። ዳገት መሐል ብነግራቸው ተናደው ጭቃ ላይ ጥለውት ቢሄዱስ? ነገ ቅዳሜ ነው። ዳገቱ ይለቅ አልኩ። ዳገቱ ሲለቅ ሌሎች ሁለት ሰዎች ተጨምረው ነበር፤ ለአራት ያልነገርኩትን ለስድስት እንዴት ልንገር?

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ነገሩን አባባሰው። መስታወቱ እንዳይነቃነቅ እጄን በጋቢው ሥር እየሰደድኩ እዳብሳለሁ። ከአፌ የሚወጣው «ቀስ በሉ፣ እባካችሁ» የሚለው ብቻ ነው። አያ ገዳሙ አዘኑልኝ። «እናትሽ ናት ልጀ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አይደለችም ለማለት። «እህቷ ናት» ብለው ለሌሎቹ አስታወቁ። ትንሽ እንደሄድን የመብራት ገመዱ ከጋቢው ሥር ሾልኮ ተንጠለጠለ። ከኋላ የሚከተል ሰው ከጭቃው አንስቶ፣ በኩታው ጠርጎ፣ በጥንቃቄ መልሶ ከተተው። «ጉሉኮስም ተደርጎላት ነበር ለካ» አለ ለጎረቤቱ።

ከቤተ ክርስቲያኑ መገንጠያ ላይ ለቅዳሴ የሚሄዱ አንድ ቄስ አገኘን። ቃሬዛው ቆመ። ሁሉም ቆብና ጥምጣሙን አወለቀ። ቄሱ ጠጋ ብለው «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ በሕይወቴ ቄስ ይህን ሲጠይቀኝ የምመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነው። አፌ ሳያማክረኝ መለሰ።

«ወለተ ሥላሴ።»

የራሴ ስም ነው።

«ትናገራለች?» አሉ ቄሱ።

«እኛ ከያዝናት ጀምሮ ቃል አልወጣትም» አሉ አያ ገዳሙ።

ቄሱ መስቀላቸውን ጋቢው ላይ አሳርፈው ረጅም ጸሎት አደረሱ። ለወለተ ሥላሴ ምሕረት እንዲወርድላት፣ የታሰረ አንደበቷ እንዲፈታ፣ ወገኖቿ ድምፅዋን እንዲሰሙ ለመኑ። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። እኔ ጃንጥላውን ይዤ ቆሜ እንባዬ ይወርዳል። ከፍርሃት ይሁን ሳቅ ከማፈን እስካሁን አላውቅም። እንባዬን ያዩ ሴቶች ከንፈራቸውን እየመጠጡ ተከተሉን።

ጅጋ አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ከኋላችን ያለው ሕዝብ ቀብር የሚሸኝ ያህል ሆኗል። ከደምበጫ በኩል የሚመጣ ሚኒባስ ሲታይ ሰዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መንገድ መሐል ቆሙ። ሾፌሩ ምንም ሳይከራከር አቆመ። በሽተኛ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንደሚሄድ ተነገረ፤ የኋላ ወንበር ላይ የነበሩት ማንም ሳይጠይቃቸው መውረድ ጀመሩ። የመጨረሻው ወራጅ እናቱን ደግፎ የያዘ ጎልማሳ ነበር። የእናቲቱ ፊት አብጧል፣ እግራቸው ጫማ አልገባ ብሎ በጨርቅ ተጠምጥሟል። ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው።

«እኛ ሌላ መኪና እናያለን» አለ ልጁ። «የእናንተው ይብሳል።»

እናቲቱ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጋቢውን አይተው «እሷ ትቅደም» አሉ።

እስከዚህ ድረስ ዝምታዬ ትከሻ ነው ያደከመ። አሁን ግን የእውነት በሽተኛ ለቴሌቪዥን ቦታ ለቅቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። «ቆዩ» አልኩ። ከትንፋሽ አይበልጥም፤ ማንም አልሰማኝም። ደግሜ ልናገር አፌን ስከፍት፣ ከመገንጠያው ጀምሮ የተከተሉን አንዲት ባልቴት ከመሄዷ በፊት ግንባሯን ልዳብሳት ብለው እጃቸውን በጋቢው ሥር ሰደዱ። እጃቸው በብርድ ልብሱ መሐል አልፎ መስታወቱን አገኘ። ቆም አሉ። ወዲያና ወዲህ ዳበሱት።

«ቀዝቅዛለች» አሉ በዝግታ።

ከዚያ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንዲቷ ስትጀምር ሌሎቹ ተቀበሉ፣ ጅጋ በአንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሆነ። ወንዶቹ ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠው አጠገቡ ተሰለፉ። በስሜ ተለቀሰ። እኔ ቆሜ የራሴን ሙሾ ሰማሁ፤ ለወለተ ሥላሴ፣ ለዚያች ጨዋ፣ ሰው ፊት ቀና ብላ ለማታውቅ፣ ክፉ ቃል ካፏ ላልወጣ፣ ድምፅዋ ሳይሰማ ለቀረ። ባልቴቲቱ አይተውኝ አያውቁም። ለማንኛዋም ሴት የሚባለውን ነው ያሉት። ግን አንዱም ስህተት አልነበረበትም፤ ብሞት የሚነገርልኝ ያው ነበር። ይህን ሳስብ ካፊያው ሳይሆን ሌላ ብርድ በጀርባዬ ወረደ።

በጩኸቱ መሐል አንዷ ደረቷን ስትደቃ ክንዷ ጋቢውን ገለጠው። ብርሃን ገባ። ዶሮዋ የነጋ መሰላት፤ ከቃሬዛው ውስጥ ረጅም፣ የተቆጣ ድምፅ አሰማች።

ለቅሶው እንደተቆረጠ ክር ቆመ። ቅርብ የነበሩት ወደ ኋላ ሸሹ፣ አማተቡ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። አያ ገዳሙ ብቻ ቃሬዛውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ቀሩ፤ አደራ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው።

«ቴሌቪዥን ነው» አለ አንድ ድምፅ።

አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ሱቅ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ቀና አደረጋቸው። ማን እንደተናገረ ለማየት እኔ ራሴ ዞር አልኩ። ሁሉም የሚያየው እኔን ነበር። ስለዚህ ቀጠልኩ።

«ሰው የለበትም። ቴሌቪዥን ነው። ዶሮዋ ለእናቴ ናት። የታመሙት እኚህ እናት ናቸው፤ መኪናው የእሳቸው ነው። እባካችሁ አስገቧቸው።»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰ ልጃቸው ነበር። እናቱን አንስቶ አስገባ። ከዚያ ሌሎቹ ነቁ። አንድ ዱላ የያዘ ሰው ይህ ነገር ገደል ይግባ አለ፤ ሌሎችም ተስማሙ። ዱላው ከፍ ሲል ሮጬ ቴሌቪዥኑ ላይ ተደገፍኩ። አያ ገዳሙ እጃቸውን አነሱ፤ ሳይጠየቅ አይፈረድም አሉ። ሾፌሩን ትንሽ ታገስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሁለት ሽማግሌዎች በግራና በቀኛቸው ተቀመጡ፤ እኔ መሐል ቆምኩ። እንዲህ ሆኖ መንገድ ዳር ተዳኘሁ።

«ወለተ ሥላሴ ያልሽ ማንን ነው?» አሉ።

«ራሴን ነው።»

«የተጸለየ ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«የተለቀሰስ?»

«እሱም ለእኔ ነው» አልኩ።

አያ ገዳሙ ጭቃ የለበሰ ጋቢያቸውን ተመለከቱ። «እኔ ለልጀ ሚስት ልጠይቅ የወጣሁ ሰው ነኝ። የቀጠሩኝ ሰዎች ለምን ቀረህ ሲሉኝ ምን ልበል? ቴሌቪዥንና ዶሮ ተሸክሜ ነው ልበል?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላውም ሳቁን ሊያፍን ሲል ባሰበት። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ጋቢውን ገለጥኩና ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ሽጉጡ፣ ቀጭኑ ቴሌቪዥን ለምን እንደማይሆን፣ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ድንቹ። በዩኒቨርሲቲ አምስት ሰው ፊት ያቃተኝን መንገዱን በሞላው ሰው ፊት ተናገርኩ፤ ማንም እየደገመ አላሰማልኝም። አንሙት ይነግራችኋል ብዬ ነበር፣ ከዚያ በኋላ አፈርኩ አልኳቸው። አፈርኩ ስል ባልቴቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማፈር በእኛ አገር ወንጀል አይደለም።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ፍርዱን አያ ገዳሙ ተናገሩ። «ትከሻ የሚሰጥ ለታመመ ነው። ነገ ሁላችንም ፍኖተ ሰላም ገበያ ነን። ይህ ነገር ነገ ዓይኑን ከገለጠ፣ በሽተኛ ተሸክመን አዳንን እንላለን፤ ማንም አያፍርም። ካልገለጠ ግን ሬሳ ነው የተሸከምን። አንችው በጀርባሽ አዝለሽ ከወጣበት ቤት ትመልሽዋለሽ።»

ይሠራ እንደሆነ እንደማላውቅ አልተናገርኩም። ለአንድ ቀን የሚበቃ ተናግሬያለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከታማሚዋ እናት ጎን ተቀመጠ። ዶሮዋን እሳቸው ልያዝ ብለው ጭናቸው ላይ አደረጓት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ዞር ስል እየሳቁ ነው። ሳቁ ስለሚያማቸው ጎናቸውን ይዘዋል። «እኔስ ቀናሁባት» አሉኝ። «ያን ያህል ሰው ሲያለቅስላት።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ክፍሉ በዱላና በጋቢ ተሞላ። አያ ገዳሙ ከፊት ባለው አግዳሚ ተቀመጡ። ባልቴቲቱም መጥተዋል። የድንች ነጋዴው አህዮቹን ጭኖ በር ላይ ቆሟል፤ አባቴ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ገመዱን ሰካሁ። ተጫንኩት። ምንም። መስታወቱ ጥቁር ነው፤ ውስጡ የሁላችንም ፊት ተደርድሮ ይታያል። ባልቴቲቱ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ጫፍ ሰደዱ። እኔ በውስጤ ዳገቱን አሰብኩ፤ ያን የሚያዳልጥ ዳገት፣ ይህን ሁሉ ክብደት በጀርባዬ አዝዬ።

ከዚያ ከሆዱ ውስጥ ቀጭን እንጉርጉሮ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። የተቃጠለ አቧራ ሸተተ። መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ በራ፣ ሰፋ፣ እንደ በረዶ ተበተነ። ካሴቱን አንዴ አውጥቼ እፍ አልኩበትና መልሼ ከተትኩት፤ ሰማያዊ ሰማይ መጣ፣ ሣር መጣ። አንዲት ዳክዬ ከሣሩ ብድግ አለች።

ሽጉጡን ለአያ ገዳሙ ሰጠኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ተኮሱ። ዳክዬዋ ወደቀች። አያ ገዳሙ ጎንበስ ብለው ከቴሌቪዥኑ ሥር ወለሉን አዩ። ባልቴቲቱ ነጠላቸውን ለቅቀው እልል አሉ። የድንች ነጋዴው በሰው መሐል አንገቱን አስግጎ ለአባቴ ክፍሉን መቼ ትለቁልኛላችሁ አለው።

«ክፍሉ በሽተኛ አለበት» አለው አባቴ።

ይኸውና ከዚያ ወዲህ ክፍሉ የእኔ ነው። በሥራ ቀን ብዙ ሰው የለም፤ በገበያ ቀን ግን ዱላ ማስቀመጫ እስኪጠፋ ይሞላል። እናቶችም ይመጣሉ፤ ከወንዶቹ ይሻላሉ፣ አይቸኩሉም። ቴሌቪዥኑን ማንም ቴሌቪዥን ብሎ አይጠራውም። በበሩ የሚያልፍ ሰው «ወለተ ሥላሴ እንዴት አደረች?» ይለኛል፤ እኔም ደኅና ናት እላለሁ። አያ እንየው ትልቅ መስታወት ተልኮላቸዋል፤ ያኛው ይሻል ነበር ብለዋል። አያ ገዳሙን የቀጠሯቸው ሰዎች ምክንያቱን ሲሰሙ ስቀው ስቀው ልጃቸውን ሰጡ። ታማሚዋ እናት ታክመው አገራቸው ገብተዋል፤ ልጃቸው መጥቶ ሲነግረኝ ዶሮዋን ጠይቂልኝ ብለውኛል አለኝ። ዶሮዋ በፍልሰታ ፍቺ ተበልታ ነበር፤ ደኅና ናት አልኩት። እኚያ ቄስም አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው የሆነውን ከእኔው አፍ ሰሙ። ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ «ጸሎት ባለቤቱን አያጣም» ብለውኝ ሄዱ።

ተለወጥኩ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አሁንም ዓይናፋር ነኝ። ሰው ፊት ከመናገሬ በፊት ዛሬም ዓረፍተ ነገሬን አሰናዳለሁ። የተለወጠው ዝምታን የማይበት መንገድ ነው። ያኔ ዝም ያለ ሰው ማንንም የማያስቸግር ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ዝምታዬን ሰዎች ዳገት ለዳገት በትከሻቸው ሲሸከሙት አየሁ። ከባድ ነበር። እናንተም እንደ እኔ ቃል የሚያንቃችሁ ካላችሁ፣ ዝምታችሁን ማን እንደተሸከመላችሁ አንዴ ዞር ብላችሁ እዩ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በቅርቡ ከጅጋ ወደ ቤቴ በባጃጅ ስመለስ ከገጠሩ መንገድ ቃሬዛ ሲመጣ አየሁ። ነጭ ጋቢ ለብሷል፤ አራት ሰው ተሸክሞታል፤ ካፊያ ነበር። ጃንጥላ የያዘ ሰው አጠገቡ አልነበረም።

«ወራጅ አለ» አልኩ።

ባጃጁ ቆመ። ወርጄ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ከራስጌው በኩል ሄድኩ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ መንገድ ልቀቁ እያልኩ ከፊት የጮህኩት እኔ ነኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።